ጠላትህ አክስታችን አይደለችም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ አቡሽ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ፣ እማዬስ ግፊቷ ወረደላት? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ብርዱ ነው እንጂ፣ እዚ ደቡብ አፍሪካ ሰኔና ሐምሌ ክረምት ነው ግን ጠብታ ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ብርድ አጥንት ውስጥ ነው ሚገባው። የላክልኝን ቮይስ ሰማሁት፣ ደግሜም ሰማሁት፣ በቮይስ ብመልስልህ እጮህበታለሁ ብዬ ፈራሁና ልጻፍለት አልኩ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እየተነሳሁ ነው ምጽፈው፣ ካልተያያዘልህ ዝም ብለህ እለፈው።

በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ነቢዩ ከሰው መሃል አስነስቶህ "ከአባትህ ወገን የሆነች ጠቆር ያለች ሴት ደጃችሁ ላይ የቀበረችው ነገር አለ፣ እድልህን አስራዋለች" አለህ። ቀጥሎ "የደቡብ በር ተከፍቶልሃል" አለህ፣ ደቡብ አፍሪካ ትሄዳለህ ማለቱ ነው። እስራቱ እንዲፈታ ደግሞ ሃምሳ ሺ ብር ዘር ዝራ፣ ለነቢዩ ስጥ ማለት ነው፣ ተባልክ፣ ብሩን እኔ እንድልክልህ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ እማዬ አክስታችንን ቡና መጥራት ትታለች፣ አክስታችንም ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ በአጥሩ በኩል እያየች ታልፋለች። ልክ ነኝ?

እሺ። መጀመሪያ ግን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እምነቱ ቀዘቀዘ እንዳትለኝ። ሰይጣን የለም ልልህ አይደለም። ልጆች ሆነን ቸርች ውስጥ የሆነውን አብረን ነው ያየነው፣ ያቺ ሴትዮ አራት ጎረምሳ እየጣለች በማናውቀው ድምጽ ስትጮህ ሽማግሌዎቹ ማይክ እንኳን ሳይዙ በኢየሱስ ስም ውጣ ብለው አዘዙ፣ ተንበርክከው ሲጸልዩ አመሹ፣ ማታ ላይ ደህና ሆና ውሃ ጠጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ማንም ብር አልጠየቃትም። ማን እንዳስደረገባት የነገራትም የለም። ይሄን አስታውሰው፣ በኋላ እመለስበታለሁ ወይም አልመለስበትም ግን አስታውሰው።

እዚ ጆበርግ መሃል ከተማ ብትመጣ የመብራት ፖሉ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ የጠፋ ፍቅረኛ እንመልሳለን፣ ሎቶ እናስወጣለን፣ ጠላትህን በመስታወት እናሳይሃለን፣ ከስር ስልክ ቁጥር። የሳንጎማዎች፣ ያገሩ ባህል ሐኪሞችና ጠንቋዮች፣ ማስታወቂያ ነው። ሐበሻው እያየ ይስቃል፣ ማታ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ ያገሩን ነቢይ ላይቭ ያያል፣ እሱም ጠላትህን ላሳይህ ይለዋል፣ እሱም ከስር የባንክ አካውንት አለው። ልዩነቱን አንተ ንገረኝ።

ጳውሎስ ኤፌሶን 6 ላይ ምን እንዳለ በቃልህ ታውቀዋለህ፣ "መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለምና"። ደምና ሥጋ ማለት እኮ አክስታችን ናት። እማዬ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ቆጮውን ጋግራ ጎመኑን ቀቅላ ያበላችን፣ ያንተን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በራሷ ብር የገዛችው አክስታችን። እስቲ ቁጭ ብለህ አስብ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ዲያብሎስን "የወንድሞቻችን ከሳሽ" ይለዋል፣ "የሐሰት አባት" ይለዋል። እንግዲህ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ማስረጃ የሌለው ክስ አክስትህ ላይ ከሰሰና ቤታችሁ ውስጥ ቡና አስቀረ። ማን ነው የሰራው ስራውን? እኔ መልሱን አልነግርህም ግን የቀበረችውን እቃ ቆፍሮ ያወጣ ሰው አለ? የለም አይደል።

ደግሞ ስራ ያጣኸው ታስረህ ነው? ካንተ ጋር የተመረቁት ልጆች ግማሹ ሆሳዕና ከተማ ላይ ቁጭ ብለው ፑል ቤት እየዋሉ ነው። የሁሉንም ደጅ አክስታችን ናት የቀበረችበት? መች ጊዜ አግኝታ!

አሁን እኔ ስለማውቀው ውጊያ ልንገርህ፣ የኔ ሱቅ ሎኬሽን ውስጥ ነው፣ ደሀ ጥቁሮቹ የሚኖሩበት ሰፈር ማለት ነው። ከፊት ለፊት እስከ ጣራ ድረስ የብረት ፍርግርግ ነው፣ እጅ የምታስገባ ትንሽ መስኮት አለች፣ በሷ ብር ይገባል በሷ ዳቦ ይወጣል፣ ሲጋራ በነጠላ፣ ኤርታይም፣ ፓራፊን፣ ለመብራት ካርድ። ሕጻናቱ ሁሉ ስሜን አያውቁም "ማይ ፍሬንድ" ነው ሚሉኝ፣ እዚ ሱቅ ያለውን የውጭ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ሚጠሩት፣ ሲናደዱብህ ደግሞ ማክዌሬክዌሬ ትባላለህ እሱ ስድብ ነው። ፍራሼ ከፍሪጁ ጀርባ ነው፣ ሌሊት ሞተሩ ሲነሳ ፍራሹ ይንቀጠቀጣል።

አምና ሁለት ልጆች ማታ ልዘጋ ስል ገቡብኝ። አንዱ ሽጉጥ ይዟል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ የሚያስፈራው ደግሞ እሱ ነው፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ። የቀኑን ሽያጭና ስልኬን ወሰዱ ሄዱ። በሳምንቱ ያው ባለሽጉጡ ልጅ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ በመስኮቷ በኩል ዳቦ ስጠኝ ብሎ ሳይሆን ዳቦ ሽጥልኝ ብሎ ቆመ፣ አየኝ አየሁት። ሸጥኩለት፣ መልሱንም ሰጠሁት።

ከዛ በኋላ ነው ውጊያው የመጣው። አጠገቤ ያሉ ባለሱቆች (ሐበሾችም አሉ ሌሎችም) ትንሽ ራንድ እናዋጣና የሰፈሩ ጎረምሶች ልጁን ልክ ያስገቡልን አሉኝ፣ ይሄ እዚ የተለመደ ነው፣ ፖሊስ ከመጥራት ይረክሳል። አልሰጥም አልኳቸው ግን ሌሊት ሌሊት ከፍሪጁ ጀርባ ተኝቼ ልጁ ሲደበደብ በሃሳቤ አየዋለሁ፣ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ እሱን እያየሁ ነው እንቅልፍ ሚወስደኝ። "የሚንበለበሉት የክፉው ፍላጻዎች" ሚላቸው እነዚህ ናቸው አቡሽ፣ ጥቁር ሆኖ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም፣ ትክክል ነህ ተበድለሃል እያለ ነው ሚመጣው። ልክም ነው ተበድያለሁ!

ያኔ ይቃጠል ይቃጠል እያልኩ አልጸለይኩም። የልጁን ስም ዳቦ ከሚገዙ ሕጻናት ጠየቅኩና በስሙ መጸለይ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ነው፣ ቃሉ ራሱ አፌ ላይ ይመራል። ጸሎትህ ምን አመጣ ካልከኝ ልጁ ፓስተር አልሆነም። አሁንም በሱቁ ሲያልፍ ኮፍያውን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ግን እተኛለሁ።

እና ደግሞ ሁሉም እንደሱ እንዳይመስልህ። በ2021 ሐምሌ ላይ የድሮው ፕሬዝዳንት ዙማ ታሰሩ ተብሎ አገሩ ሲቀጣጠል ከ300 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ የገበያ ማዕከሉም መጋዘኑም ሲዘረፍ በቲቪ አይታችኋል። ያን ጊዜ ከፊት ለፊታችን ያሉ ባልቴት፣ ጎጎ ነው ምንላቸው አያት እንደማለት፣ መጥተው እቃህን ወደኔ ክፍል አግባ አሉኝ፣ ስኳሩን ዘይቱን አልጋቸው ስር ደርድረው በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ቁጭ አሉ፣ ሹራብ እየሰሩ። ማንም አልደፈራቸውም። ከኔ ጋር ቋንቋ በደንብ አንግባባም ቸርቻቸውም ሌላ ነው። ታዲያ ያገሩ ሰው ሁሉ ጠላት ነው ብዬ ልመን? ደምና ሥጋ ጠላት ነው ብለህ ከጀመርክ እኮ ጎጎን ሳታያቸው ነው ምታልፈው።

ወደ ትንቢቱ ልምጣ። "ጌታ የደቡብን መንገድ ከፍቷል" ሚለውን ሆሳዕና ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ነው ያደግነው። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ሄዶ ቤት ሰርቷል ቤተሰብ ረድቷል ቸርችም አሰርቷል፣ አልክድም፣ እኔም ምልከው ከዚሁ ነው። ግን መንገዱ ላይ የቀሩትን ነቢዩ አይቆጥራቸውም። በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ላይ ሞዛምቢክ ቴቴ የሚባል ቦታ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሬሳ ነው የተገኘው፣ ኢትዮጵያውያን፣ አየር አጥተው። በ2022 ታህሳስ ዛምቢያ ሉሳካ ዳር መንገድ ላይ የተጣሉ 27 ሬሳ፣ ያው የኛ ልጆች። ማላዊ ውስጥ ደግሞ በዛው ዓመት ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። ከደረስክ በኋላ እንኳ አላለቀም፣ በ2025 ጥር ላይ ጆበርግ ሳንድሪንግሃም ውስጥ ፖሊስ አንድ ቤት ሲገባ 26 ኢትዮጵያውያን ልብሳቸውን ተገፈው ተቆልፎባቸው ነው ያገኛቸው። ያለልብስ ሰው አያመልጥም ብለው ነው። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ስንቱ ተጸልዮለት ዘይት ተቀብቶ የወጣ ይመስልሃል?

መዝሙር 91 እዚ ያልተለጠፈበት የሐበሻ ሱቅ የለም፣ የኔም ፍርግርግ ላይ አለ፣ እወደዋለሁ። ግን ልብ ብለህ ታውቃለህ ያንን መዝሙር ለጌታ የጠቀሰለት ማን እንደሆነ? ማቴዎስ 4 ላይ ሰይጣን ነው። መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞት ራስህን ወደታች ወርውር፣ መላእክቱን ያዝልሃል ተብሎ ተጽፏል አለው። ቃሉ ትክክል ነው፣ ጥቅሱም ትክክል ነው፣ ዝለል ሚለው ነው የሰይጣን። ጌታ ምን መለሰ? "ጌታን አምላክህን አትፈታተነው"። አልዘለለም። ይሄኛውን ስብከት ግን መንገድ ከሚከፍቱት ነቢያት አንዱም ሲሰብከው ሰምቼ አላውቅም፣ ሰምተህ ከሆነ ላክልኝ።

ስለ ዘሩ ደግሞ፣ ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጽ ሲያነጻው ብርና ወርቅ ልብስ ጭኖ መጥቶ ነበር፣ ምንም አልቀበልም አለው። ከኋላ ሮጦ የተቀበለው ሎሌው ግያዝ ነው፣ እሱ ደግሞ ከብሩ ጋር ለምጹንም ይዞ ነው የተመለሰው። ሃምሳ ሺ ብሩን የጠየቀህ ሰው ከሁለቱ ማንኛው ይመስልሃል።

አንተ ቮይሱ ላይ "ኢየሱስ የተትረፈረፈ ሕይወት ሊሰጠን ነው የመጣው፣ እኔ ለምን በድህነት እኖራለሁ" አልከኝ። ይሄኛው ነገርህ ገብቶኛል፣ አልቀለድኩበትም። ዮሐንስ 10፡10 ነው የጠቀስከው፣ "ሕይወት እንዲሆንላቸው እንዲበዛላቸውም መጣሁ" ይላል። ግን ያው ቁጥር ሲጀምር ስለ ሌባው ነው ሚጀምረው፣ ሊሰርቅ ሊያርድ ሊያጠፋ ይመጣል ይላል፣ ከሌባው የሚለየው እረኛ ደግሞ ነፍሱን ስለ በጎቹ የሚያኖር ነው። ስለ በጎቹ የሚያኖር እንጂ ከበጎቹ የሚያስከፍል አላለም። ጌታ ራሱ ሉቃስ 12 ላይ የሰው ሕይወት በገንዘቡ ብዛት አይደለም ብሏል እኮ፣ ያው አንድ ሰው ነው የተናገረው ሁለቱንም።

አያታችን ያወራልን የነበረውን አስታውስ፣ ጣልያን በ1929 ዓ.ም ሚሲዮኖቹን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳን አይሞሉም ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ በቋንቋቸው ሙሉውን የለም፣ መሪዎቹ ተገረፉ ታሰሩ፣ ቸርቻቸው ፈረሰ። ሚሲዮኖቹ ጣልያን ከወጣ በኋላ ሲመለሱ ወደ አስር ሺህ ሰው ጠበቃቸው። እነዛ ሰዎች ውስጥ መኪና ያለው ማን ነበር? እነሱ ናቸው እኛ ሰፈር ድረስ ወንጌሉ እንዲደርስ ያደረጉት። እማዬም በደርግ ጊዜ ቸርቹ ሲዘጋ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው በየሰው ቤት ይጸልዩ እንደነበር ትነግረናለች፣ ስትነግረን ፊቷን አይተኸዋል? በሕይወቷ እንደዛ ጊዜ የጠገበችበት ያለ አይመስላትም። እኔ መትረፍረፍ ሲባል ትዝ ሚለኝ የሷ ፊት ነው።

እዚ ጄፒ፣ ጆበርግ መሃል ያለው የሐበሾች የንግድ ሰፈር፣ ላይ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ልንገርህ፣ እሁድ ሱፍ ለብሶ የሰው መርሴዲስ ተደግፎ ፎቶ ተነስቶ "ጌታ ታማኝ ነው" ብሎ ይለጥፋል። ያንን ፎቶ ያየ ልጅ ሆሳዕና ላይ አባቱን መሬቱን አሽጦ ለደላላ ይከፍላል። ጳውሎስ ዕቃ ጦሩን ሲዘረዝር ከሰይፉ አልጀመረም እኮ፣ መጀመሪያ "ወገባችሁን በእውነት ታጥቃችሁ" ነው ያለው። ሰይፉ መጨረሻ ነው። እኛ ደግሞ ትጥቁን ትተን ሰይፉን ይዘን ነው ምንጮኸው፣ ሱሪያችን እየወረደ።

ስለዚ እውነቱ ይሄ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እከፍታለሁ፣ ሰራተኛው ወደ ታክሲ ሲሄድ ዳቦ ይገዛል። ማታ 3 ሰዓት እዘጋለሁ። ፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ላይ ከሱቅ ከተገዛ ምግብ ጋር ተያይዞ ሕጻናት ተመርዘው ሞቱ፣ ከ20 በላይ፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ከዛ መንግሥት ስፓዛ ሱቅ፣ እንደኔ ያለ የሰፈር ትንሽ ሱቅ፣ ሁሉ በ21 ቀን ይመዝገብ አለ፣ ቆይቶ እስከ 2025 ፌብሩዋሪ 28 አራዘመው። የጥገኝነት ወረቀት ብቻ ያለው ሰው ምዝገባው እንዴት እንደሚያስጨንቅ አትጠይቀኝ። ሱቁ ይዘጋብኛል ብዬ ሳልሰጋ ያደርኩበት ሌሊት የለም። ታዲያ ይሄን ምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፣ ደስታ የለኝም ብዬም አይደለም፣ አለኝ። እሁድ ጄፒ ላይ ፎቅ ላይ በተከራየናት አዳራሽ ስንሰበሰብ ሱቁ የተቃጠለበት ወንድም ተነስቶ "ፍሪጁ ተቃጠለ እዳውም አብሮ ቢቃጠል ጥሩ ነበር" ብሎ ምስክርነት ሲሰጥ አዳራሹ በሳቅ ነው የፈረሰው፣ ከዛ ዘመርን፣ ከዛ ኮፍያ ዞረ፣ ለሱም ጭምር ለአንድ የሞተ ልጅ አስከሬን አገር ቤት መላኪያም። ሱቁ የተቃጠለበት ሰውዬ ለአስከሬኑ ሲያዋጣ አጠገቡ ነበርኩና አየሁት፣ ሁለት መቶ ራንድ ጣለ። ጳውሎስ "መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ" ያለውን ከዚህ ሰውዬ በላይ ያስተማረኝ ሰባኪ የለም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ለነቢዩ ምልከው ብር የለኝም። ለደላላም አንድ ሳንቲም አልልክም፣ ብትቆጣም ብታለቅስም። በደንብ አስበህበት እመጣለሁ ካልክ ትልቅ ሰው ነህ አላስርህም፣ ግን የኔን ብር ይዘህ ቴቴ ላይ አትሞትም። የብየዳ ማሽኑን ጉዳይ ግን አውርተን ነበር፣ አልሙኒየም ቤቱ ውስጥ ለሰው ከምትቀጠር የራስህ ማሽን ይኑርህ ብለን፣ እሱን እስከ መስቀል እልክልሃለሁ። ዋጋውን ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቅና ፎቶውን ላክ፣ ያገለገለ አትግዛ።

ቸርች አትቅር። ወደ ድሮው ቸርቻችን ተመለስ፣ ሽማግሌዎቹ ቀዝቃዛ ናቸው ትላለህ አውቃለሁ፣ ግን አባታችንን የቀበሩት እነሱ ናቸው እማዬ ስትታመም ሚመጡት እነሱ ናቸው፣ ያኛው ነቢይ ቤታችን የት እንደሆነ ያውቃል? ቁጭ ብለህ የተባልከውን ንገራቸው፣ "መናፍስት ከእግዚአብሔር ሆነው እንደ ሆነ መርምሩ" ነው ሚለው ዮሐንስ፣ መመርመር ኃጢአት አይደለም። ያዕቆብም ዲያብሎስን ተቃወሙ ከማለቱ በፊት ለእግዚአብሔር ተገዙ ነው ያለው፣ አንተ በተቃወሙው ጀምረህ እየጮህክ ጎረቤት ነው ያስቸገርከው አሉ ሌሊት። ጸልይ፣ ግን እማዬ ትተኛ እንጂ!

አክስታችን ጋር ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትል ሂድ። ስኳርና ቡና ይዘህ ሂድ፣ ባዶ እጅህን እንዳትገባ። ምን ተባልክ ብላ ካልጠየቀችህ ታሪኩን ሁሉ አትዘርዝርባት፣ ጠፍቼብሽ ነበር በላትና ጉልበቷን ሳም በቃ። ከዚህ የበለጠ እስራት መፍታት አላውቅም። እማዬ እምቢ ካለች እኔ እደውልላታለሁ፣ እሷን ለኔ ተዋት፣ በያሆዴ፣ በሐዲያ ዘመን መለወጫችን፣ ቀን የበዓሉን ምግብ አተካናውን ለብቻዋ ነው ምትበላው ወይ እላታለሁ።

ለኔ ጸልዩ፣ ምዝገባው ላይ፣ ደግሞ ለዛ ልጅ። ለጎጎም፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው፣ አገር ቤት የምትቀቡትን ቅባት አውቃለሁ ግን ስሙ ጠፋኝ፣ እማዬን ጠይቃትና ሰው ሲመጣ ላኩልኝ፣ በርበሬም ትንሽ ጨምሩ እዚ ያለው ቀለም ብቻ ነው። ስትደውል ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ደውል፣ ከዛ በፊት መስኮቷ ላይ ሰው አይጠፋም።

እማዬን ሳምልኝ፣ ጌታ ይባርክህ።

ወንድምህ